በአደራ የያዝኳቸውን ቡችሎች እንዴት ልስጥ?

ጥያቄ

«ሦስት ቡችሎች ከመጠለያ በአደራ ተቀብዬ ቤቴ እያሳደግኩ ነው። እናታቸው አልተገኘችም። ሲመጡ 5 ሳምንታቸው ነበር፤ አሁን 9 ሞልቷቸዋል። ሁለት ጊዜ ተከትበዋል፤ ክትባታቸው ግን ገና አላለቀም። በሽታ እንዳይዛቸው ስለምፈራ ከልብስ ማጠቢያዋ ክፍል አላስወጣቸውም፤ እንግዳም አላስጠጋባቸውም። ቅዳሜ አንድ ቤተሰብ ወንዱን ሊያየው ይመጣል። ይህን ከሰማች ጀምሮ የ7 ዓመት ልጄ ‹አትወጃቸውም ማለት ነው› እያለች ታለቅሳለች። እኔም ከእሷ አልተሻልኩም። ከሴቶቹ ትንሿ ደግሞ ፈሪ ናት፤ ከእኔ በቀር ማንም ሲገባ ጭራዋን ሸጉጣ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። እሷን ማን ይወስዳታል? እኔው ላስቀራት ይሆን? የ8 ዓመት ውሻም አለን፤ ቡችሎቹ በር ላይ ብቅ ሲሉ ያጉረመርማል። እባክዎ ምን ላድርግ?»
የአደራ እናት

መልስ

ውድ የአደራ እናት፣

ደብዳቤዎ ከዳር እስከ ዳር ስለ ቅዳሜ ነው። እኔን ከቅዳሜ ይልቅ ያሳሰበችኝ ያቺ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ናት። ስለ ልጅዎ እንባም ስለ እርስዎ ልብም የምለው አለኝ፤ ሐዘኑ ግን ጥቂት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ የቡችሎቹ ዕድሜ ነው የማይጠብቀው። ስለዚህ ከክፍሏ ልጀምር።

ፍርሃትዎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1978 ታውቆ ብዙም ሳይቆይ ዓለምን ያዳረሰ፣ ያልተከተበ ቡችላን በቀናት ውስጥ ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ይወጣል፤ አፈር ውስጥ ወራት፣ ከተመቸውም ዓመት ይቆያል፤ በጫማ ሥር ተለጥፎም ቤት ይገባል። ክትባቱ በአንድ መርፌ የማያልቅበትም ምክንያት አለው። ቡችላው ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት ያገኘው መከላከያ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ክትባቱንም ይመክተዋል። ያ መከላከያ የሚያልቅበት ቀን ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ሐኪሞች 16 ሳምንት እስኪሞላው ወይም ጥቂት እስኪያልፈው ድረስ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደጋግሙታል። ሁለት መርፌ ወስደዋል ማለት ጥሩ ጀምረዋል ማለት ነው፤ ተጠብቀዋል ማለት ግን አይደለም። እስከዚህ ድረስ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሒሳብ እንሥራ። ከ3ኛው ሳምንት ገደማ እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ቡችላ ያየውን፣ የሰማውንና የዳሰሰውን ነገር በቀላሉ ይለምዳል። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚያጋጥመው አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚያስፈራው ነው የሚሆነው። ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤልየት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት ቡችሎችን ከሰው በተከለለ ሜዳ ላይ አሳድገው፣ ከፊሎቹን በተለያየ ዕድሜ ለአንድ አንድ ሳምንት እያወጡ ከሰው ጋር አገናኟቸው። እስከ 14 ሳምንት ድረስ ከሰው ጋር ሳይገናኙ የቆዩት ከዚያ በኋላ ቢደከምባቸውም እንደ ዱር እንስሳ ሆነው ቀሩ። የእርስዎዎቹ እንደዚያ አይደሉም፤ እርስዎን ያውቃሉ። የሚያውቁት ግን እርስዎን፣ አራት ግድግዳና አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ ከጠበቁ ደግሞ የመልመጃው ጊዜ ከክትባቱ ቀድሞ ያልቃል። አሁን በእጅዎ ያለው ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ሳምንት ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መግለጫ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ውሾችን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ተላላፊ በሽታ ሳይሆን የባሕርይ ችግር እንደሆነ ጽፏል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የፈራ ውሻ ይነክሳል፤ የነከሰ ውሻ ከወሰዱት ሰዎች ቤት ይመለሳል፤ ተናካሽ ተብሎ የተመለሰን ውሻ ደግሞ ደፍሮ የሚወስድ ጥቂት ነው። ይኸው ማኅበር ቡችላ የመጀመሪያ ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ከወሰደ ቢያንስ 7 ቀን ካለፈው ከ7 እና 8 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ከሌሎች ጤነኛ ቡችሎች ጋር መሠልጠን ይችላል ይላል።

መንገድ ላይ ይልቀቋቸው ማለቴ አይደለም። ማንነቱ ያልታወቀ ውሻ የሚመላለስበት መሬት፣ የውሾች መናፈሻ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ወለል እስካሁን አይነኩም፤ ክሊኒክ ሲሄዱ እቅፍዎ ላይ ይሁኑ። ከዚህ የተረፈው ዓለም ግን ሰፊ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መከለያቸውን ከልብስ ማጠቢያዋ ክፍል አውጥተው ቤተሰቡ ወደሚውልበት ክፍል ይትከሉት። ድስት ሲወድቅ ይስሙ፤ የበር መጥሪያ ሲጮህ፣ ቫኪዩም በሩቁ ሲያጓራ፣ ሰዎች ሲስቁና ሲከራከሩ ይስሙ። ምንጣፍ፣ እርጥብ ሰድር፣ የሚንኮሻኮሽ ካርቶን ይርገጡ። እያቀፉ በር ላይ ቆመው መኪናና ብስክሌት ያሳዩዋቸው። መኪና ካለዎት በአጭር አጭሩ ያንሸራሽሯቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ቢያስመልሳቸው አይደንግጡ። ከሁሉ በላይ ሰው ያምጡላቸው፤ ጺማም፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ምርኩዝ የያዘ፣ መነጽር ያጠለቀ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው። ጫማውን ውጭ ያውልቅ፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በዚያው ቀን የታመመ ውሻ ያልነካ ይሁን። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ዝም ይበል። ቡችላው ራሱ ይምጣበት።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ማስለመድ ማለት ማስጨነቅ አይደለም። የሚንቀጠቀጥ ቡችላን አንስቶ እንግዳ ጭን ላይ ማስቀመጥ ፍርሃቱን በማስረጃ ማጽናት ነው። ቡችላው ሲሸሽ ርቀቱን ይጨምሩ፤ ድምፁን ይቀንሱ፤ መልሶ ሲጠጋ ደስ የሚለውን ቁራሽ ምግብ ይስጡት። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ18 ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ ስለሚፈልጉ አምስት ደቂቃ ጥሩ ገጠመኝ ከአንድ ሰዓት ግርግር ይበልጣል።

ደብዳቤዎ ያላነሳው ሌላ ነገር አለ። ሦስቱ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት አይደል? ቅዳሜ የሚመጣው ቤተሰብ የሚወስደው አንዱን ነው። ያ ቡችላ በሕይወቱ ብቻውን ተኝቶ የማያውቅ ከሆነ የመጀመሪያዋ ሌሊት ለእሱም ለሰዎቹም ቅጣት ትሆናለች፤ «ይህ ውሻ እብድ ነው» ብለው በሦስተኛው ቀን የሚደውሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የወሰዱት ብቻውን ሆኖ የማያውቅ ቡችላ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያውጡ። መጀመሪያ ለየብቻ ይብሉ፤ ቀጥሎ አንዱ እርስዎ ካሉበት ክፍል ብቻውን ያሸልብ፤ ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ እርስዎም ዘወር ይበሉ። ሳያለቅስ ይመለሱ እንጂ እስኪያለቅስ አይጠብቁ።

የሽንቱን ነገር በአጭሩ፦ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ ከበሉ በኋላና ከተጫወቱ በኋላ ወዲያው ወደተመረጠው ቦታ፤ ሲያደርጉ ማመስገን፤ ሌላ ቦታ ካደረጉ ዝም ብሎ መጥረግ። አፍንጫቸውን ማስነካት የሚያስተምረው ከእርስዎ ተደብቆ መሽናትን ብቻ ነው።

ልጅ ያለበት ቤት ስለሆነ ስለ ጤና ጥቂት ልጨምር። ቡችሎች የወስፋት ትልን ከእናታቸው ማሕፀን ይዘውት ይወለዳሉ፤ በወተቷም ያገኙታል። ለዚህ ነው ከ2 ሳምንታቸው ጀምሮ እስከ 8 ሳምንት በየ2 ሳምንቱ መድኃኒት የሚሰጣቸው። ትሉ ሰውንም ይይዛል፤ በተለይ አፈር የነካ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ የሚከቱ ልጆችን። እንቁላሉ ሰው የሚይዝበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ግን ሳምንታት ስለሚወስድበት ዓይነ ምድሩን በየዕለቱ ማንሳትና የልጅዎን እጅ በሳሙና ማስታጠብ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ትውከት፣ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ፣ ምግብ እምቢ ማለት ወይም ድንዝዝ ብሎ መተኛት ካዩ «እስከ ነገ ልየው» አይበሉ፤ ቡችላ ፈሳሽ ሲያጣ ጉልበቱ የሚያልቀው በሰዓታት ነው። ከራስዎ የመድኃኒት ሣጥን ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን አይስጡ። ሌላው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እናታቸው ማን እንደሆነች፣ ከመገኘታቸው በፊት ምን እንደነካቸው አይታወቅም፤ የዚህ በሽታ ክትባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ሲሞላቸው ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ጥርሳቸው የማንንም ቆዳ ከሸረከተ፣ በጨዋታም ቢሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ሐኪም እንዲወስን ማድረግ ነው። ልጅዎን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ የቆሰለች እንደሆነ ቡችሎቹ እንዳይወሰዱባት ብላ እንዳትደብቅዎት አስቀድመው ይንገሯት።

አሮጌው ውሻዎ ደግሞ ከእርስዎ ይልቅ የቤቱን ሁኔታ ያወቀው ይመስለኛል። ማጉረምረሙን እንደ ጥፋት አይዩበት። «እዚህ ጋ ይብቃ» ማለቱ ነው፤ ቡችላ ደግሞ ይህን ቋንቋ ከትልቅ ውሻ መማር አለበት። በማጉረምረሙ የሚቀጣ ውሻ ማስጠንቀቁን ይተውና በቀጥታ ይነክሳል። መጡ ከተባለ አራት ሳምንት ስለሆናቸው፣ አዲስ የመጡ ቡችሎች ከቤቱ ውሻ የሚለዩበት የሁለት ሳምንት ጊዜ አልፏል። የእሱ ክትባት ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጡና አንድ በአንድ፣ ምግብና መጫወቻ በሌለበት ያገናኟቸው። ቡችሎቹ ሊደርሱበት የማይችሉት የራሱ ቦታ ይኑረው። ሲሰለቸው ተነሥቶ መሄድ ከቻለ፣ ሦስቱን ከእርስዎ በተሻለ ያሳድጋቸዋል።

አሁን ወደ ልጅዎ። «አትወጃቸውም ማለት ነው» ላለች ልጅ ስለ ፍቅር ንግግር አያድርጉ፤ በ7 ዓመት ንግግር አይያዝም። እውነቱን በአጭር ይንገሯት፤ እነዚህ ቡችሎች የራሳቸው ቤት እስኪገኝ ድረስ እኛ ጋ ናቸው፤ እኛ እናዘጋጃቸዋለን፤ ስንለያይ ያሳዝነናል። አዝኖ መስጠት እንደሚቻል ከእርስዎ ፊት ታንብበው፤ እርስዎም ቢያለቅሱ ነውር የለውም። ሰዎቹ ቃል ሳይገቡ «ሊጠይቁን ይመጣሉ» አይበሏት። «ሌላ አመጣልሻለሁ» የሚለውም አይጠቅምም፤ ፍጥረትን በፍጥረት መተካት ያስተምራታል። ይልቅ ሥራ ይስጧት። ለእያንዳንዱ ቡችላ አንድ ገጽ ትጻፍለት፤ ምን እንደሚወድ፣ የት ቢታከክለት ዓይኑን እንደሚጨፍን፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ሲተኛ በየትኛው ጎኑ እንደሆነ። ልጆች እኛ የማናየውን ያያሉ፤ ያቺ ገጽ ለተቀባዩ ቤተሰብ ከማንኛውም ማብራሪያ ትበልጣለች። ቅዳሜ ሰዎቹ ሲመጡ መገኘት ከፈለገች ራሷ ታንብብላቸው፤ ካልፈለገች አያስገድዷት።

ለእርስዎ የምለው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቡችላው «ከዳችኝ» ይላል ብለው ከሆነ የሚያዝኑት፣ ያ ሐሳብ የእርስዎ እንጂ የእሱ አይደለም። አዲስ ሰው ለመልመድ በሕይወቱ ከዚህ የተመቸ ዕድሜ አይኖረውም። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያለቅስ ይሆናል፤ አዲሶቹ ሰዎች መኝታውን ከአልጋቸው አጠገብ ቢያደርጉለት ይቀልለታል፤ ይህንንም ይንገሯቸው። የእርስዎ ሐዘን ግን እውነተኛ ነው፤ ከመጠለያ በአደራ የሚያሳድጉ ሰዎች ሁሉ የሚከፍሉት ነው፤ «ይለምዱታል» ብዬ አላታልልዎትም።

ፈሪዋን ላስቀራት ወይ ላሉት መልሴ፦ አሁን አይወስኑ። ከእርስዎ በቀር ማንንም አለማስጠጋቷ ልብዎን እንደነካው ይገባኛል። ግን እስካሁን ከእርስዎ በቀር ማንን አይታ ታውቃለች? ምርጫ ሳይሰጣት መርጣኛለች ማለት ለእርስዎም ለእሷም ፍትሐዊ አይደለም። ከላይ ያልኩትን ሥራ ለሦስት ሳምንት ይሥሩባት፤ የምትንቀጠቀጥበት ርቀት እያጠረ ሲሄድ ያያሉ። ከዚያ ራስዎን ይጠይቁ፤ ይህችን ውሻ እንባዬ ሳይኖር፣ መጠለያ ውስጥ ባያት እመርጣት ነበር ወይ? ለሚቀጥሉት 10፣ 15 ዓመታት ጊዜ አለኝ ወይ? አሮጌው ውሻዬስ ይስማማል ወይ? አዎ ከሆነ ያስቀሯት፤ ምንም ነውር የለበትም፤ ማመልከቻውን እንደማንኛውም ሰው ለመጠለያው ያስገቡ። መልሱ «ማን ይወስዳታል ብዬ ነው» ከሆነ ግን ይስጧት። ረጋ ያለ ቤት፣ ሰው የለመደ ትልቅ ውሻ ያለበት ቤት እንደሚያስፈልጋት ለመጠለያው ያስረዱ፤ እንደዚያ ዓይነት ቤት ይገኛል። ቤትዎ በራስዎ ውሾች ከሞላ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጡት ቡችሎች መግቢያ ያጣሉ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፤ «ብቻዋን ስለምትፈራ» ብለው ከወንድሟ ጋር አጣምረው አይስጧት። ደግነት ይመስላል፤ እንደ እኔ እምነት ግን ሰው የምትለምድበትን ምክንያት ነው የሚወስድባት።

ቅዳሜ ሰዎቹ ሲመጡ እንደ ፖሊስ አይመርምሯቸው፤ ያጫውቷቸው። ቀን ቀን ማን ቤት ይውላል? ሌሊት የት ይተኛል? በቤቱ ውሻ የማይፈልግ ሰው አለ? ከዚህ በፊት የነበራቸው ውሻ ምን ሆነ? ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ ያውቃል? ለዚህ የመጨረሻው የሚሰጡትን መልስ በደንብ ያዳምጡ። ቡችላውን ደግሞ እንደ ሸቀጥ አያሞግሱት። ጫማ ይበላል፣ ንጋት ላይ ይጮኻል፣ ሲያነሡት ይፈራገጣል ይበሉ፤ ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው ይወስደዋል፤ ፊቱ የሚጠቁር ሰው አሁን ቢሄድ ይሻላል። ውሳኔው የመጠለያው ነው፤ እርስዎ ያዩትን ግን ሳይሸፍኑ ይንገሯቸው። ነገሩ ካልተስማማ ቡችላው ወደ መጠለያው እንጂ ወደ ሌላ ሰው እጅ እንዳይተላለፍም በጽሑፍ ይኑር።

ከተስማሙ አብሮት የሚሄደው የክትባትና የትል መድኃኒት ካርዱ፣ የለመደው ምግብ ለሳምንት የሚበቃ ያህል (አዲሱን ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ ይለውጡት፣ አለበለዚያ ተቅማጥ ይይዘዋል)፣ ከእህቶቹ ጋር የተኛበት ሳይታጠብ የተቆረጠ የብርድ ልብስ ቁራጭና የልጅዎ ገጽ ነው። ሦስቱም ሲሄዱ ወለሉንና ዕቃውን በሳሙና አጥበው፣ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጠው፣ 10 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ አቆይተው ያለቅልቁት።

ነገ ጠዋት ግን መጀመሪያ ወደ መጠለያው ይደውሉ። የቀጣዩ ክትባት ቀን መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ትንሿንም ለሦስት ሳምንት ያህል ሊወስዳት ለሚፈልግ ሰው እንዳያሳዩ ይንገሯቸው። ከዚያ ጫማውን በር ላይ ለማውለቅ ፈቃደኛ የሆነ የመጀመሪያውን እንግዳ ይጋብዙ።